የጋላክሲዎች መግነጢሳዊ መስክ በፖላራይዝድ የሬዲዮ ሞገድ እንዴት ይጠናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤም 51 የተባለውን ጥምዝ ጋላክሲ፣ ክንዶቹን ተከትለው የተደረደሩ ቀጫጭን ሰረዞች ተስለውበት ያዩ አንባቢዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሣሉ፤ ሰረዞቹ የመግነጢሳዊ መስኩን አቀማመጥ ያሳያሉ ከተባለ፣ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀን ጋላክሲ መስክ በምን ተለካ? ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚያ አንድ ጥያቄ የሚወለዱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጋላክሲ መግነጢሳዊ መስክ አለው ሲባል ምን ማለት ነው? ጥንካሬውስ ምን ያህል ነው?

በከዋክብት መካከል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም። እጅግ የሳሳ ጋዝ አለበት፤ የጋዙም ከፊል ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጋዝ ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ከጋዙ ጋር ተያይዞ ይጓዛል፣ አብሮት ይጎተታል፣ ይጠማዘዛል።

በፀሐይ አካባቢ ያለው የጋላክሲያችን መስክ ጠቅላላ ጥንካሬ ወደ 6 ማይክሮጋውስ ይጠጋል (ጋውስ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው፤ ማይክሮጋውስ የእርሱ አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ለንጽጽር ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ የመሬት መስክ 0.36 ጋውስ ገደማ ነው፤ ይህም ከጋላክሲው መስክ 60,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ደካማነቱ ሊያሳስተን አይገባም። የጋላክሲው መስክ በሺህ የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታትን ያካለለ ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚይዘው ኃይል የጋዙ ትርምስ ከሚይዘውና ኮስሚክ ጨረሮች (በጠፈር ውስጥ በታላቅ ፍጥነት የሚበርሩ እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ቅንጣቶች) ከሚይዙት ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የኮስሚክ ጨረሮችን ጉዞም ሆነ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ደመናዎች መኮማተር ያለ እርሱ ማስረዳት አይቻልም።

መስኩ ራሱ የማይታይ ከሆነ የሬዲዮ ሞገድ እንዴት ያሳየናል?

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ካርል ጃንስኪ የሬዲዮ ስልክ ግንኙነትን የሚረብሸው ጫጫታ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ፣ ከጫጫታው አንዱ ክፍል ከፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ከራሳችን ጋላክሲ የሚመነጭ ሆኖ አገኘው። ግኝቱን በ1933 ይፋ ቢያደርግም የሞገዱ አመንጪ ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። በ1950 አካባቢ አልፍቬን፣ ሄርሎፍሰን፣ ኪፐንሆየርና ጊንዝበርግ ያቀረቧቸው ሐሳቦች መልሱን አመጡ፦ ለብርሃን ፍጥነት በተቃረበ ፍጥነት የሚበርሩ ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ። ይህ ጨረር መጀመሪያ የታየው በ1947 ሲንክሮትሮን በሚባለው የቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ ላይ ስለነበር ስሙንም ከዚያ ወርሷል።

እንግዲህ ከአንድ ጋላክሲ የሲንክሮትሮን ጨረር መጣ ማለት እዚያ ፈጣን ኤሌክትሮኖችም መግነጢሳዊ መስክም አሉ ማለት ነው። የጨረሩ ድምቀት ግን የሁለቱ ድምር ውጤት ነው፤ ብዙ ኤሌክትሮን በደካማ መስክ ውስጥና ጥቂት ኤሌክትሮን በብርቱ መስክ ውስጥ ተመሳሳይ ድምቀት ሊሰጡ ይችላሉ። ተመራማሪዎች ይህን ለመሻገር የኮስሚክ ጨረሮቹ ኃይልና የመስኩ ኃይል በግምት እኩል ናቸው ብለው ይነሣሉ። ስለ መስክ ጥንካሬ በየጽሑፉ የሚነበቡት ብዙዎቹ ቁጥሮች በዚህ መነሻ ላይ የቆሙ መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ፖላራይዜሽን ምንድን ነው?

አንድ ሰው ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ቢያወዛውዘው ሞገዱ በቆመ ጠለል ላይ ይጓዛል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢያወዛውዘው ደግሞ በተጋደመ ጠለል ላይ። የሬዲዮ ሞገድም ኤሌክትሪካዊ ውዝዋዜው በአንድ ጠለል ላይ ሲያመዝን ፖላራይዝድ ሆነ እንላለን። ሲንክሮትሮን ጨረር በተፈጥሮው እንዲህ ያለ ነው፤ የውዝዋዜው ጠለል ወደ እኛ ከሚመጣው ጨረር አንጻር ከመስኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ የተለካውን ማዕዘን በ90 ዲግሪ ማዞር የመስኩን አቀማመጥ ይሰጣል። በምስሎቹ ላይ የሚሳሉት ሰረዞች የሚገኙት እንዲህ ነው።

መስኩ ፍጹም ሥርዓት ቢኖረው ኖሮ ከጨረሩ 75 በመቶ ያህሉ ፖላራይዝድ ይሆን ነበር። ከራሳችን ጋላክሲ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ በእርግጥ ፖላራይዝድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1962 ሲሆን፣ በኔዘርላንድስና በካምብሪጅ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች በዚያው ዓመት ውጤታቸውን አሳትመዋል። የሲንክሮትሮን ማብራሪያ ትክክል ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልነበረም።

በምስሎቹ ላይ ያሉት ሰረዞች የቀስት ጫፍ የሌላቸው ለምንድን ነው?

ይህ ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ በጋዜጣም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛ ከምስሎቹ ጋር የሚወጡት መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና።

ውዝዋዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነገር ስለሆነ ፊትና ኋላ የለውም። ወደ ሰሜን የሚያመለክት መስክና ወደ ደቡብ የሚያመለክት መስክ የሚሰጡት ፖላራይዜሽን አንድ ነው። ስለዚህ ሰረዙ መስኩ በየትኛው መስመር ላይ እንደተኛ ይነግረናል እንጂ ወደየት እንደሚያመለክት አይነግረንም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አንድ ትርምስ የበዛበት መስክ በጋዝ ግፊት ተጨፍልቆ ወይም በጋላክሲው መሽከርከር ተለጥጦ መስመሮቹ በአንድ አቅጣጫ ቢተኙ፣ ግማሾቹ ወደ ፊት ግማሾቹ ወደ ኋላ የሚያመለክቱ ቢሆኑም እንኳ የሚወጣው ሞገድ በደንብ ፖላራይዝድ ይሆናል። የተዳፈነ ሣር ሁሉም በአንድ መስመር የተኛ ይመስላል፤ ሥሩ በየት ጫፉም በየት እንደሆነ ግን ከሩቅ አይለይም። እንዲህ ያለው መስክ አማካዩ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ምስሉ ላይ ግን ያማረ ሥርዓት ያለው መስሎ ይታያል።

ኤም 51 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአሜሪካው ቪኤልኤና በጀርመኑ ኤፈልስበርግ ቴሌስኮፖች የተነሣው ምስሉ ክንዶቹን እየተከተሉ የሚጠመዘዙ ሰረዞችን በግሩም ሁኔታ ያሳያል። ነገር ግን በ2011 የታተመው ዝርዝር ጥናት እንዳሳየው፣ ከጋላክሲው ከሚመጣው ፖላራይዝድ ጨረር ብዙው የሚመነጨው በተጨፈለቀና በተለጠጠ የትርምስ መስክ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚያመለክተው እውነተኛ ሥርዓታዊ መስክ ከሰረዞቹ ውበት ከሚገመተው ይልቅ ደካማ ነው። በግል አስተያየቴ፣ እያንዳንዱ የሰረዝ ምስል ሲታተም ይህ ማስጠንቀቂያ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብሮት ሊወጣ ይገባው ነበር።

ታዲያ መስኩ ወደየት እንደሚያመለክት በምን ይታወቃል?

በፋራዳይ ዙረት ይታወቃል። ማይክል ፋራዳይ በ1845 ፖላራይዝድ ብርሃን በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በተቀመጠ መስታወት ሲያልፍ የውዝዋዜው ጠለል እንደሚዞር አገኘ። በጠፈር ውስጥ የመስታወቱን ቦታ የሚይዙት ነፃ ኤሌክትሮኖች ያሉበት ጋዝና በውስጡ የሚያልፈው መስክ ናቸው። ሞገዱ ወደ እኛ በሚጓዝበት መስመር ላይ ያለው የመስክ ክፍል ወደ እኛ የሚያመለክት ከሆነ ጠለሉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ከእኛ የሚርቅ ከሆነ ወደ ተቃራኒው። ሰረዙ የጎደለው የቀስት ጫፍ እዚህ ይገኛል፤ ለዚያውም ሰረዙ ሊያሳየው የማይችለውን፣ በእይታችን መስመር ላይ ያለውን የመስክ ክፍል በመለካት።

ይህን ለመለካት የሚያስችለው ዙረቱ በሞገድ ርዝመት ካሬ ልክ የሚያድግ መሆኑ ነው። የዕድገቱ መጠን የዙረት ልክ ይባላል፤ የሚለካውም በራዲያን በካሬ ሜትር ነው። የአንድ ምንጭ የዙረት ልክ 10 ነው እንበል። በ6 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ጠለሉ የሚዞረው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በ21 ሴንቲ ሜትር 25 ዲግሪ ይደርሳል፤ በ2 ሜትር ግን 40 ራዲያን፣ ማለትም ከስድስት ሙሉ ዙር በላይ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመስኩን አቀማመጥ በቀጥታ ለማየት የሚሻ ሰው ዙረቱ ትንሽ የሆነባቸውን አጫጭር ሞገዶች ይመርጣል፤ ዙረቱን ራሱን በከፍተኛ ጥራት ለመለካት የሚሻ ደግሞ ወደ ረጃጅሞቹ ይሄዳል።

በሁለት የሞገድ ርዝመት ብቻ መለካት አያስተማምንም። ጠለል በ180 ዲግሪ ሲዞር ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ስንት ጊዜ እንደዞረ መለየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት የቀድሞዎቹ ልኬቶች አንዳንዶቹ ኋላ ላይ መታረም አስፈልጓቸዋል። የዛሬ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎራባች ድግግሞሾችን ስለሚለኩ ችግሩ በአብዛኛው ተቃሏል።

የዙረት ልክ በቀጥታ የመስኩን ጥንካሬ ይሰጣል?

አይሰጥም። የዙረት ልክ በመንገዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ከመስኩ ጋር ተባዝቶ የተደመረበት ቁጥር ነው። መስኩ በመንገድ ላይ አቅጣጫውን ቢቀይር አዎንታዊውና አሉታዊው ይጣፋሉ፤ ዜሮ የዙረት ልክ ማየት መስክ የለም ማለት አይደለም።

ኤሌክትሮኖቹን ለይቶ ለመቁጠር ፑልሳሮች (በፍጥነት እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ምት የሚልኩ የከዋክብት ቅሪቶች) ትልቅ ርዳታ አድርገዋል። የፑልሳር ምት በረጅም ሞገድ ከአጭር ሞገድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መዘግየቱም የሚወሰነው በመንገዱ ላይ ባሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ነው። የዙረት ልኩን ለዚህ የመዘግየት ልክ አካፍሎ በ1.23 ማባዛት በመንገዱ ላይ ያለውን አማካይ መስክ በማይክሮጋውስ ይሰጣል። ይህ እጅግ ቀላል ስሌት ነው፤ ሆኖም ኤሌክትሮኖች በሚበዙበት ቦታ መስኩም የሚበረታ ወይም የሚደክም ከሆነ መልሱ ሊዛባ ይችላል።

ከጋላክሲዎች የሚታየው ፖላራይዜሽን ከ75 በመቶ በጣም የሚያንሰው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የቴሌስኮፑ እይታ ውስንነት ነው። አንድ የምስል ነጥብ በሩቅ ጋላክሲ ላይ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታትን ይሸፍናል፤ በዚያ ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ አቅጣጫዎች ተደራርበው ይጣፋሉ። ሁለተኛው የፋራዳይ ዙረት ራሱ ነው። ጨረሩን የሚያመነጨው ጋዝና የሚያዞረው ጋዝ በአንድ ቦታ ሲደባለቁ ከጋላክሲው የኋላ ገጽ የመጣው ሞገድ ከፊተኛው ይበልጥ ይዞራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ይዳከማሉ። በረጃጅም ሞገዶች ጋላክሲው በዚህ ምክንያት ጭጋግ እንደለበሰ ይሆንና የፊቱ ሽፋን ብቻ ይታያል።

ጉዳቱ ግን መረጃም ነው። በ1966 በርን የተባለ ተመራማሪ ያቀረበውን ሐሳብ በ2005 ብሬንትየንስና ደ ብሩይን ወደ ተግባር አመጡት፦ በብዙ ድግግሞሾች የተለካውን ፖላራይዜሽን በሒሳብ ገልብጦ፣ ጨረሩ በዙረት ልካቸው በተለያዩ ንብርብሮች እንዲከፋፈል ማድረግ። ንብርብሮቹ የሚለዩበት መለኪያ የፋራዳይ ጥልቀት ይባላል። አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው፣ የፋራዳይ ጥልቀት የቦታ ርቀት አለመሆኑን ነው፤ በፋራዳይ ጥልቀት ከኋላ ያለ ንብርብር በቦታ ከፊት ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ምን ተገኘ?

በሬዲዮ ሞገድ በቅርበት በተጠኑት ጥምዝ ጋላክሲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የመስኩ አቀማመጥ የጥምዝምዙን ቅርጽ የተከተለ ሆኖ ተገኝቷል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቀን አንድሮሜዳ፣ ከማዕከሉ 33,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ የጋዝና የከዋክብት ቀለበት አለ። በኤፈልስበርጉ የ100 ሜትር ቴሌስኮፕ በተደረጉት ልኬቶች በዚህ ቀለበት ዙሪያ የዙረት ልኩ በአንዱ ወገን ሲጨምር በሌላው ሲቀንስ፣ ልክ አንድ ክብ መስክ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር እንደሚጠበቀው ሆኖ ታይቷል። ራይነር ቤክ በ1982 ያሳተመው ይህ ውጤት እዚያ ያለው መስክ የተዳፈነ ሣር ዓይነት አለመሆኑን ያስረዳል፤ ሰረዙም ቀስቱም ተስማምተዋልና።

ኤንጂሲ 6946 ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር አሳየ። ከፍተኛው ፖላራይዜሽን የሚገኘው ብሩሃን ከዋክብት ባሉባቸው ክንዶች ላይ ሳይሆን በክንዶቹ መካከል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ቦታዎቹ መግነጢሳዊ ክንዶች ተብለዋል። በክንዶቹ ላይ የከዋክብት መወለድና መፈንዳት መስኩን ስለሚያተረማምሰው ፖላራይዜሽኑ እንደሚቀንስ መረዳት አያዳግትም፤ በመካከላቸው ሥርዓት ያለው መስክ ያን ያህል የሚበረታው ለምን እንደሆነ ግን ከአንድ በላይ ማብራሪያ ቀርቦለታል። እንደ ኤንጂሲ 891 ያሉ በጎናቸው የምናያቸው ጋላክሲዎችም መስካቸው ሳህን ከሚመስለው ጠፍጣፋ አካላቸው ወጥቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚተረተር፣ ከሩቅ ሲታይ የኤክስ ፊደል ቅርጽ የሚመስል ነው።

የራሳችን ጋላክሲ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ በውስጡ ሆነን ስለምናየው። ከጋላክሲያችን ባሻገር የሚገኙ የሬዲዮ ምንጮች ሞገድ በውስጡ አልፎ ስለሚደርሰን እያንዳንዱ ምንጭ እንደ አንድ መመርመሪያ ያገለግላል። በ2009 የታተመ አንድ ዝርዝር የ37,543 ምንጮችን የዙረት ልክ በማሰባሰብ የሰማዩን አብዛኛ ክፍል ሸፍኗል። ከእነዚህና ከፑልሳሮች እንደምንረዳው፣ ከፀሐይ ወደ ጋላክሲው ማዕከል ስንሄድ ትልቁ መስክ ቢያንስ አንድ ጊዜ አቅጣጫውን ይገለብጣል።

የከዋክብት ብርሃንና አቧራስ ምን ይነግሩናል?

የከዋክብት ብርሃን በመግነጢሳዊ መስክ በተደረደሩ የአቧራ ቅንጣቶች ሲያልፍ ፖላራይዝድ እንደሚሆን ሒልትነርና ሆል በ1949 አሳይተዋል፤ ይህም ከሬዲዮው ግኝት 13 ዓመት ይቀድማል። በ2009 የመጠቀው ፕላንክ ሳተላይት የአቧራውን የራሱን ጨረር ፖላራይዜሽን በመላው ሰማይ ላይ ለክቷል። አቧራ የቀዝቃዛውን ጋዝ መስክ ያሳያል፣ ሬዲዮ ደግሞ የሞቃቱንና የኮስሚክ ጨረሮቹን፤ የቀስት ጫፍ ግን አቧራም የለውም።

መስኩ ከየት መጣ?

ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ዲናሞ ነው። የጋዙ ትርምስና የጋላክሲው መሽከርከር፣ የመሐሉ ክፍል ከዳሩ ቀድሞ ስለሚዞር፣ እጅግ ደካማ የሆነን የመነሻ መስክ እየጠመዘዙና እየለጠጡ ያበረቱታል። ፀሐይ ማዕከሉን አንድ ጊዜ ለመዞር ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት ስለሚፈጅባት፣ ሥርዓት ያለው መስክ ለመገንባት ብዙ ዙሮች፣ ማለትም ቢሊዮን ዓመታት ያስፈልጋሉ። በ2017 ሱዪ አን ማኦ የመራችው ቡድን ወደ 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በሚርቅ ዘመን በነበረ ጋላክሲ ላይ የማይክሮጋውስ ጥንካሬ ያለው ሥርዓታዊ መስክ በፋራዳይ ዙረት ማግኘቱ ዲናሞው ያን ጊዜም ሥራውን እንደሠራ ያሳያል። የመነሻው ደካማ መስክ ከየት እንደመጣ ግን አልተቋጨም።

ልኬቱን የሚያበላሹት ነገሮች ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ነው። ሁለቱን የውዝዋዜ ጠለሎች ለይተው የሚቀበሉት የአንቴና ክፍሎች ፍጹም ስላልሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ ይፈስሳል፤ ፖላራይዝድ ያልሆነ ምንጭም ፖላራይዝድ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው ተመልካቾች በየሥራቸው እንደ 3ሲ 286 ያሉ የታወቁ ምንጮችን የሚለኩት፤ የእርሱ ማዕዘን በሴንቲ ሜትር ሞገዶች 33 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ስለሚጸና እንደ ውኃ ልክ ያገለግላል።

ከዚያ ቀጥሎ በራሳችን ራስ ላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም ነፃ ኤሌክትሮኖች ያሉበት የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል አለ፤ እርሱም የፋራዳይ ዙረት ይጨምራል፣ መጠኑም ከቀን ወደ ሌሊት ይለዋወጣል። እግረ መንገዳችንን እናንሣና፣ የመሬት መግነጢሳዊ የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። እዚያ የመሬት መስክ አግድም የተኛ ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ ከአናት የሚመጣ ሞገድ ኤሌክትሮኖቹ የቱንም ያህል ቢበዙ በአዮኖስፌር እምብዛም አይዞርም፤ ከሰሜንና ከደቡብ አዘቅዝቆ የሚመጣው ግን በብዙ ይዞራል፣ በተቃራኒ ምልክትም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዚህ ዘርፍ መሥራት ይቻላል?

በእንጦጦ ያሉት ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚታይ ብርሃን የሚቀበሉ እንጂ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች አይደሉም። ይሁን እንጂ ሥራው አብዛኛው ከምልከታ በኋላ ያለው ትንተና ነው። የፕላንክ ካርታዎችና የቪኤልኤ የሰማይ ዳሰሳ መረጃዎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ የፋራዳይ ጥልቀት ስሌት የሚሠሩ ፕሮግራሞችም በነፃ ይገኛሉ። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ በ2018 የተመረቀው የ64 አንቴናዎች የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሚርካት በመስፋፋት ላይ ሲሆን፣ በ197 አንቴናዎች ኤስኬኤ የተባለው ግዙፍ ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የደቡብ አፍሪካ ክፍል እንዲሆን ታቅዷል። ለጀማሪ ተማሪ የምመክረው ግን ትልቁን ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከ2009ኙ ዝርዝር የአንድን የሰማይ ቁራጭ የዙረት ልኮች ወስዶ አዎንታዊውን በቀይ፣ አሉታዊውን በሰማያዊ ነጥብ በመሣል እንዲጀምር ነው፤ የጋላክሲው ሳህን ከነጥቦቹ መካከል ለዓይን ይለያል።